መሪውን ያላመኑት እትዬ ትብለጥ

እትዬ ትብለጥ ማረፋቸውን የነገረኝ በላይነህ ነው። ስልኩን ሳነሳ ሰላምታውን አሳጥሮ፣ መርጡለ ማርያም እህታቸው ቤት እንዳሉ አርፈው መቀበራቸውን ነገረኝ። እኔ ግን ነፍስ ይማር ከማለቴ በፊት፣ “ማን ነገረህ? የነገረህ ሰው ራሱ ቀብሩ ላይ ነበር ወይ?” ብዬ ጠየቅሁት። በላይነህ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ድምፁ ተሰበረ። ይህን ጥያቄ ከማን እንደተማርነው ሁለታችንም እናውቃለን።

ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የአሽከርካሪዎች ማሰልጠኛ ከእትዬ ትብለጥ ጋር አብረን እንሠራ ነበር። እኔ የመንገድ ምልክቶችንና የትራፊክ ሕጉን ክፍል ውስጥ አስተምራለሁ፤ እሳቸው መኪና ላይ ያሰለጥናሉ። በዚያን ጊዜ ሃምሳን የተሻገሩ፣ ቀጠን ያሉ ረጅም ሴት ነበሩ። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ወገባቸውን ጠበቅ አድርገው ታጥቀው ከማሰልጠኛው ፒክአፕ ሲወርዱ ለሚያያቸው፣ ከመኪና ሳይሆን ከሙግት የተመለሱ ይመስላሉ። በወጣትነታቸው የክትባት መድኃኒት የሚያመላልስ መኪና ይነዱ ነበር። በከተማው የማውቃቸው ሴት አሰልጣኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ግን በጥርጣሬያቸው ነው። መኪና ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ዙሪያውን ይዞራሉ፤ ጎማውን በእግራቸው መታ መታ ያደርጋሉ፤ ጎንበስ ብለው ሥሩን ያያሉ። መኪናው ያን ዕለት ከጋራዥ የወጣ ከሆነ ደግሞ እንደገና ይዞራሉ። ሰው ካልነካው መኪና ይልቅ ሰው የነካው ያሰጋቸው ነበር። የነዳጅ መለኪያውን ስለማያምኑ ታንከሩ ውስጥ ቀጭን ዘንግ ከትተው ይለካሉ። በመንገድ ላይ ሰላምታ ያስረዘመባቸውን ሰው “ምን ፈልገህ ነው?” ይሉታል። የማሰልጠኛው ባለቤት አቶ አዱኛ አንድ ጊዜ ደመወዝ ቢጨምሩላቸው፣ ምን ሊያደርገኝ አስቦ ነው እያሉ ሳምንቱን ሙሉ ፊታቸው ሳይፈታ ከረመ።

ሰልጣኞቻቸውን የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነበር። ተማሪው መንገዱ ላይ ጉድጓድ አየሁ፣ ጠጠር አየሁ ሲላቸው፣ “ዓይንህን ተወው። እጅህ ምን አለህ?” ይሉታል። መሪውን በጣም ጨብጦ የሚይዝ ሰው አይወዱም። ጨብጦ የያዘ ሰው የራሱን ጉልበት እንጂ የመንገዱን ወሬ አይሰማም ባይ ናቸው።

ጥርጣሬያቸው ሁልጊዜ ልክ ነበር ብዬ ግን አላወራም። አንድ ክረምት የፒክአፑ ነዳጅ እየጎደለ አስቸገራቸውና ጥበቃውን፣ ጋሽ ሞላን፣ ጠረጠሩ። ጋሽ ሞላ በጨዋታ የሚያልፉት ሰው አልነበሩም፤ ቅያሜያቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። በኋላ መካኒክ ሲያየው ታንከሩ ከሥሩ ዝጎ ያንጠባጥባል። እትዬ ትብለጥ በነጋታው ሰልጣኞች ተሰብስበው ሳለ ጋሽ ሞላ ፊት ቆመው፣ “ባልነካኸው ነገር ጠርጥሬሃለሁ፤ እወቅልኝ” አሉ። ይቅርታ የሚለውን ቃል አላወጡትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ለማንም የማይሰጡትን የፒክአፑን ቁልፍ ማታ ማታ ለጋሽ ሞላ እየሰጡ ይሄዱ ጀመር።

መሪው የመጣው በዚህ መካከል ነው።

አቶ አዱኛ አዲስ አበባ ደርሰው ሲመለሱ ለመኪና ውድድር ጌም የተሠራ ያገለገለ መሪ ይዘው መጡ። ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር ይታሰራል፣ ሦስት መርገጫ አለው፣ ከኮምፒውተር ጋር ይያያዛል። ውስጡ ትንሽ ሞተር ስላለው ስክሪኑ ላይ ያለው መኪና ጠጠር ሲረግጥ መሪው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ኩርባ ሲገባ ይከብዳል፤ ጎማው ሲንሸራተት ቅልል ይላል። ወደ እጅ የሚመልሰው ጉልበት ምን ያህል ይሁን የሚለው ከኮምፒውተሩ ላይ ከዜሮ እስከ መቶ ይስተካከላል። የአቶ አዱኛ ሐሳብ፣ መሪ ጨብጠው የማያውቁ ሰልጣኞች መጀመሪያ እጃቸውን እዚህ ላይ እንዲያፍታቱ ነበር። ኮምፒውተር የምነካው እኔ ስለሆንኩ ማስተካከሉ የእኔ ሥራ ሆነ።

እትዬ ትብለጥ መጀመሪያ ከበር ላይ ሆነው ነው ያዩት። ያኔ ከሰልጣኞቹ ደፋሩ በላይነህ ነበር፤ ቅኔ ቤት ዓመታት ቆይቶ የወጣ፣ ሚኒባስ የመንዳት ምኞት የያዘው ልጅ። መሪውን ያዘና፣ “እትዬ፣ ይሄ መሪ እኮ ተመሪውን የሚገፋ ነው” አለ። እትዬ ትብለጥ ወደ መስኮቱ ዞረው ማንም አለመስማቱን አዩና፣ “አንተ ልጅ፣ ሰሙን ብቻ ንገረኝ። ወርቁን ለራስህ ያዘው” አሉት።

ከዚያ ቁጭ ብለው ያዙት። አቶ አዱኛ ጉልበቱ ዝቅ እንዲል አዘውኝ ነበር። ሰልጣኙ እንዳይደክመው፣ ሞተሩም እንዳይግል ነው። እትዬ ትብለጥ ጥቂት ነድተው ተነሡና ይሄ ውሸታም ነው አሉ። መኪና እንዲህ ዝም አይልም፣ ዝም ያለ መሪ የለመደ ልጅ እውነተኛው መንገድ ላይ ሲወጣ ይደነግጣል፣ የደነገጠ ደግሞ መሪ ይጠመዝዛል ብለው ተከራከሩ። እኔም ጨምር ሲሉኝ ጨመርኩ። መቶ ሲደርስ ጠረጴዛው ከቦታው ተንሸራተተ፣ መሪውን ይዞ የነበረው የበላይነህ አውራ ጣትም ተመታ። የገረመን ግን ሌላ ነገር ነው። ከልክ በላይ ሲሆን መሪው ሁሉንም ነገር በአንድ ዓይነት ጩኸት ይናገራል፤ ትንሹ ጠጠርና ትልቁ ጉድጓድ እጅ ላይ እኩል ይሆናሉ።

ልኩን ያገኙት በራሳቸው መንገድ ነው። ፒክአፑን አስነሥተው ወደ አምበር አቅጣጫ ይሄዱና ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ያለውን የጠጠር መንገድ ነድተው ይመለሳሉ። ወሬ ሳያወሩ፣ ውኃ ሳይጠጡ በቀጥታ መሪው ላይ ቁጭ ይሉና “ዝቅ አድርግ፣ ትንሽ ጨምር” ይሉኛል። እጃቸው የመንገዱን ነገር እንዳይረሳ ነው የሚጣደፉት። ብዙ ተመላልሰው በመጨረሻ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሙ። ትንሹ ጠጠር እንዲሰማ፣ ትልቁም እንዳይውጠው። “ከዚህ ማንም እንዳይነካው” አሉ። አቶ አዱኛም እያጉረመረሙ ተስማሙ።

ለጥቂት ወራት ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ከዚያ ማስተካከያው መንቀሳቀስ ጀመረ።

አንድ ቀን ከምሳ መልስ ስከፍተው ካስቀመጥነው በላይ ወጥቶ አገኘሁት። መለስኩት። በሌላ ቀን ከዚያም አልፎ ወጣ። መለስኩት። መጀመሪያ የጠረጠርኩት በላይነህን ነው፤ ለጓደኞቹ ጉልበቱን ሊያሳይ ይሆናል ብዬ። እሱ ግን ፈተናው ስለደረሰ ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ነበር። አቶ አዱኛን እንዳልጠረጥር እሳቸው ቢነኩት ዝቅ ያደርጉታል እንጂ አይጨምሩም። አቶ አዱኛ በበኩላቸው የጠረጠሩት እኔን ነው። አንድ ቀን ሞተሩ ግሎ የፕላስቲክ ሽታ ሲሸታቸው፣ ይሄ ነገር ቢቃጠል ከአንተ ራስ አልወርድም አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ክፍሉን ቆልፌ ቁልፉን በኪሴ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ያም ሆኖ ቁጥሩ ይወጣል። ሌላ ቁልፍ ያላቸው ደግሞ ጋሽ ሞላ ብቻ ናቸው፤ ጋሽ ሞላ ቁልፍ የሚሰጡትም ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ወደ እትዬ ትብለጥ ያዞረኝ ግን ቁልፉ ብቻ አልነበረም። ነገሩን አንሥቼ ሳጫውታቸው “እንግዲህ” ብለው አለፉት። በሁሉም ነገር ሰው የሚጠረጥሩት ሴትዮ በዚህ ብቻ ማንንም አልጠረጠሩም። ያን ጊዜ ነው ልቤ የሸሸው።

ምክንያት ለመፈለግ ብዙ አልደከምኩም። ሰልጣኙ መሪውን ከለመደ አሰልጣኝ ይቀነሳል የሚል ወሬ በግቢው ውስጥ ነበር። ማሽኑን በጉልበት እያሠሩ ሊያቃጥሉት ፈልገው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ይህን ካሰብኩ በኋላ የሚያደርጉት ሁሉ ጥፋት መሰለኝ። ማርሽ ሲያስገቡ እጃቸውን ዝቅ ብለው ያዩታል፤ ድሮ አያዩትም ነበር። የመኪናው ቁልፍ ከጣታቸው ወድቆ ሳያውቁት ጥቂት ሄደው ይመለሳሉ። ሻይ ሲመጣ እኛ ብርጭቆውን በአፉ ጠርዝ ይዘን ስንለበለብ እሳቸው በሙሉ መዳፋቸው ይዘው ያወራሉ። ይህንን እንኳ ተንኮል አስመሰልኩት፤ ሰው ፊት የማይረቱ መስለው ለመታየት ነው አልኩ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቤት የሄድኩ መስዬ ወጣሁና ተመለስኩ። የክፍሉ መጋረጃ ተዘግቷል። በሩን ስገፋው ተከፈተ። እትዬ ትብለጥ መሪው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ስክሪኑ ላይ መኪናው ከጠጠር መንገድ ወጥቶ ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል። ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ ሞተሩ ያለቅሳል። ቁጥሩን አየሁት፤ መቶ ነው።

መግባቴን አውቀዋል። አልዞሩም። “ዝቅ አድርገው” አሉኝ። “የተስማማንበት ላይ።”

ዝቅ አደረግሁት።

“እጅህን አምጣ።” ከእጃቸው አጠገብ መሪውን ያዝኩ። “ምን ይላል?”

ጠጠሩ ይሰማኛል አልኳቸው። ደቃቁም፣ አልፎ አልፎ ያለው ትልቁም።

“ለኔ ዝም ብሏል” አሉ።

ከዚያ እጃቸውን ከመሪው ላይ አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ነገሩን ከመጀመሪያው ነገሩኝ። መሪው መድከም የጀመረ ሲመስላቸው መጀመሪያ የጠረጠሩት እኔን ነው። አዱኛ አዞህ በድብቅ ዝቅ እያደረግኸው መሰለኝ አሉ። ስለዚህ እኔ በሌለሁበት እየገቡ ወደ ቦታው ይመልሱት ነበር፤ በእሳቸው ቤት እየመለሱ ነው። ቁጥሩን ማንበብ ሲጀምሩ ቁጥሩ ልክ ነው። ያኔ ደግሞ ሞተሩ እየሞተ ነው ብለው ማሽኑን ጠረጠሩ። ቀጥሎ ፒክአፑን ይዘው ወደዚያ ወደ ጠጠሩ መንገድ ወጡ። መንገዱም ዝም አላቸው።

“መኪናውም ከናንተ ጋር ተማክሮ ነው ብዬ ነበር” አሉ። ፈገግ ያሉ መሰለኝ። “ወርጄ መንገዱን አየሁት። ጠጠር ነው። እንግዲህ የቀረ ማን አለ? አንተ አይደለህ፣ ማሽኑ አይደለ፣ መኪናው አይደለ። እኔ ቀረሁ።”

ከዚያ በኋላ በየጊዜው እየገቡ፣ እስከ የት ድረስ ቢጨመር እንደሚሰማቸው ራሳቸውን ይፈትኑ ነበር። ያን ዕለት መቶ ላይም ክርናቸው ይነቃነቃል እንጂ ጣታቸው ምንም አልነገራቸውም።

ለአቶ አዱኛ መንገር እንዳለብን ነገርኳቸው። በነጋታው ሰልጣኞችን ይዘው ወደ ቁልቁለቱ እንደሚወጡ አውቃለሁ። በእሳቸው በኩል ያለው ፍሬን በእግር ነው፤ ነገር ግን ሰልጣኝ መሪ ሲስት እጃቸውን ዘርግተው የሚያቃኑት እሳቸው ናቸው። እስከ ነገ ተወኝ አሉኝ። ለምን እስከ ነገ እንዳሉ አልነገሩኝም፤ እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ። ነገር ግን አላመንኳቸውም። እንጀራቸው ነው፤ ሌላ ሥራ የላቸውም፤ ይደብቁታል ብዬ ነበር።

በነጋታው ሌላ ሰው ሳይገባ ለመድረስ በጠዋት ተነሣሁ። ፒክአፑ አጠገብ ልቆም፣ ቢገቡበት በሩን ልይዝባቸው ነበር ሐሳቤ። ግቢ ስደርስ እትዬ ትብለጥ ቀድመውኛል። መኪናው ጋ አይደሉም፤ የአቶ አዱኛ ቢሮ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ዓይናችን ሲገጣጠም ለምን በማለዳ እንደመጣሁ ገባቸው። አልተቆጡም። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሳቸው በእኔ ቦታ ቢሆኑ የሚያደርጉትን ያደረግሁ ያህል ነበር።

አቶ አዱኛ ሲመጡ እትዬ ትብለጥ በሰልጣኞቹ ፊት እጄ አይሰማም፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ባለሁበት መኪና ሰው እንዳታስገባ አሏቸው። የሆነው ነገር ግን ማናችንም ያልጠበቅነው ነው። አቶ አዱኛ አላመኑም። መናኸሪያው አካባቢ አዲስ ማሰልጠኛ ተከፍቶ ነበርና ወደዚያ ሊሄዱ ሰበብ ፈጠሩ ብለው ጠረጠሩ። ትናንት ደህና ሲነዱ አይደል ወይ የዋሉት፣ ፈተና በደረሰበት ሳምንት ነው ወይ እጅ የሚደነዝዘው እያሉ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ሰልጣኞቹም እርስ በርስ ተያዩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሳያምኑ የኖሩት ሴት እውነት የተናገሩ ዕለት የሚያምናቸው አጡ።

እትዬ ትብለጥ አልተከራከሩም። “ልክ ነህ፣ አትመነኝ። ና ራስህ እየው” አሏቸውና ወደ ክፍሉ ገቡ።

መሪው ላይ ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ፣ እጃቸውን ቀለል አድርገው አሳረፉ። በላይነህ አጠገባቸው ሆኖ ቀጥ ባለው የጠጠር መንገድ ላይ ነዳጁን እንዲረግጥ፣ እኔ ኮምፒውተሩ ጋ እንድሆን፣ አቶ አዱኛ ደግሞ ሳይናገሩ በእጃቸው ብቻ ጨምር ወይም አጥፋ እያሉ እንዲያዙኝ አደረጉ። አቶ አዱኛ የተስማማንበትን ልክ አሳዩኝ። መሪው በበላይነህ ዓይን ፊት እየተንቀጠቀጠ ሳለ፣ እትዬ ትብለጥ “አሁን ጠፍቷል” አሉ። አቶ አዱኛ አጥፋው ብለው ምልክት ሰጡኝ። ወደ ዜሮ አወረድኩት። እትዬ ትብለጥ ጥቂት ጠብቀው፣ “አሁን ጀመረ፣ ጠጠር አለው” አሉ።

በላይነህ እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሣ። አቶ አዱኛ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ትክክል ይሁኑ ይሳሳቱ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ የወንበሩ ድምፅ ግን ነገራቸው። ነጠላውን ከዓይናቸው ላይ ሲያነሡ የማንንም ፊት አላዩም። እጃቸውን ብቻ ነበር የሚያዩት፤ ጋሽ ሞላን ባዩበት ዓይን፣ እኔን ባዩበት ዓይን።

ሆስፒታል ሲመረመሩ ስኳር ነው ተባለ። ቆይቶ ነርቫቸውን ጎድቶታል። እንደሚጠበቀው ያንን ምርመራ አላመኑም፤ ባሕር ዳር ሄደው ደገሙት። ያው ሆነ። ከዚያ ወዲያ ለተወሰኑ ወራት መኪና ሳይነኩ መሪው ያለበት ክፍል ውስጥ ብቻ ሠሩ። ከሰልጣኙ ኋላ ይቆማሉ። ትከሻው ሲወጣ፣ ጣቱ ሲነጣ ያያሉና ቀንስለት ይሉኛል። የገበሬ እጅ ያለው ሰው ሲመጣ ብዙ ይበቃዋል ብዬ ልጨምር ስል ይከለክሉኛል፤ ብዙ ጉልበት ያለው ሰው ብዙ ጉልበት ሲመልሱለት መታገል እንጂ መስማት አይማርም ይሉኛል። “ምን አለህ?” ብለው የጠየቁት ልጅ ደስ ሊያሰኛቸው ብሎ ሲዋሽም ያውቁበታል። አንድ ቀን በላይነህ ፈተናውን አልፎ ሊሰናበታቸው ሲመጣ፣ መሪውን ስናስተካክል በእሳቸው ምትክ ትንሹን ጠጠር ይሰማ የነበረው የእሱ እጅ እንደሆነ ነገሩት። 

በመጨረሻ ወደ መርጡለ ማርያም፣ ወደ እህታቸው ሄዱ። እኔም ክፍል ውስጥ ማስተማሬን ትቼ መኪና ላይ ማሰልጠን ጀመርኩ።

ከሄዱ ዓመት ካለፈ በኋላ የሆስፒታል ቀጠሮ አላቸው ተብዬ ልወስዳቸው የማሰልጠኛውን መኪና ይዤ ሄድኩ። እግራቸውም ደንዝዞ በከዘራ ነበር የሚሄዱት። ከፊት ወንበር አስቀመጥኳቸው። በጉንደ ወይን በኩል የሚመጣው መንገድ ያኔ አቧራና ጠጠር ነበር። ገና እንደተነሣን እጄን ማየት ጀመሩ። ጨብጬ ይዤ እንደሆነ ለማየት ነው ብዬ ጣቶቼን አላላሁ። አላረሙኝም። 

ጉንደ ወይንን ስናልፍ ዘወር ብዬ ሳያቸው ዓይናቸው ተጨፍኗል። እትዬ ትብለጥ ሰው በሚነዳው መኪና ውስጥ ዓይናቸውን ከድነው አያውቁም፤ አውቶቡስ ላይ እንኳ ከሹፌሩ እኩል ነቅተው ነው የሚጓዙት። የተኙ መስለው ሊፈትኑኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ኩርባ ላይ ስገባ ሆን ብዬ በዝግታ ገባሁ። ጉድጓድ ሲያጋጥመኝ ፊታቸውን ሰረቅ አድርጌ አየሁ። ቅንድባቸው አልተነቃነቀም። ራሳቸው ቀስ እያለ ወደ በሩ ዘመም አለ። እኔ ግን እስከ መጨረሻው አላመንኩም፤ በየኩርባው አሁን ያርሙኛል፣ አሁን ያርሙኛል እያልኩ ደብረ ማርቆስ ደረስኩ።

ሆስፒታሉ በር ላይ መኪናውን አቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁ። ዓይናቸውን ገለጡ። ያን መንገድ ከክትባት መኪናው ዘመን ጀምሮ ኩርባ በኩርባ የሚያውቁት ሴት፣ “ደረስን እንዴ?” ብለው ጠየቁኝ።

“ደርሰናል” አልኳቸው።

ወደ ውጭ ሳያዩ እጃቸውን ሰጡኝ።